ፓኔሉን ከመግዛትሽ በፊት የብሬከር ሳጥኑን ክፈቺው

ጥያቄ፦ ጋሼ እንዴት ሰነበቱ፣ የምጽፍልዎ ከፍኖተ ሰላም ነው፣ አስተማሪ ነኝ። የምንኖርበት ቤት አባቴ የሠራው የጭቃ ቤት ነው፣ ኋላ ላይ በጓሮ በኩል በብሎኬት ሁለት ክፍል ቀጠልንበት። መብራት ሲሄድ ልጄ በሻማ ነው የምታጠናው፣ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ናት፣ እና እቁብ ስለደረሰኝ በቃ ሶላር ላስገባ ብዬ ወሰንኩ። ሻጩ «ምንም ሽቦ መነካካት የለም፣ ኢንቨርተሩን ሁለቱም ጫፉ ወንድ በሆነ ገመድ ግድግዳው ላይ ትሰኪዋለሽ ቤቱ በሙሉ ይበራል» አለኝ። ሰፈራችን ያለው ኤሌክትሪሺያን ደሞ «የቤቱ ኢንስታሌሽን መጀመሪያ ካልተስተካከለ እኔ አልገባበትም» ብሎ እምቢ አለ፣ ሥራ ፈልጎ ይሆን እንዴ ብዬ ጠረጠርኩት። ማንን ልስማ? ምጣድ ሲሰካ አምፖሉ ደብዘዝ ይላል፣ ፍሪጁን ደሞ በባዶ እግሬ ስነካው ትንሽ ይነዝረኛል፣ ይሄ ከሶላሩ ጋር ይገናኛል ወይ?

መልስ፦ እታለም፣ ኤሌክትሪሺያኑን ስሚው። ሥራ የፈለገ ሰው ቢሆን እሺ ብሎሽ ገንዘቡን ተቀብሎ ይሄድ ነበር፣ እምቢ ያለው የሚመጣውን ስላየ ነው።

ገመዱን በተመለከተ ቀድሜ ልናገር፣ ሌላውን ሁሉ ብትረሺ ይሄን እንዳትረሺ ስለምፈልግ። ኢንቨርተሩ፣ የባትሪውን ኮረንቲ ወደ ቤት ኮረንቲ የሚቀይረው ዕቃ፣ የሚያወጣው 220 ቮልት በሶኬቱ ገብቶ በቤቱ ሽቦ ሁሉ ይሄዳል፣ ዋናው ብሬከር ካልወረደ ደሞ ቤት ውስጥ አይቆምም፣ በቆጣሪው አልፎ ፖሉ ላይ ይወጣል፣ እዛ ያለው ትራንስፎርመር ወደ ኋላ ሲሠራ ያንን 220 ወደ ሺዎች ቮልት ከፍ ያደርገዋል። መብራት ጠፍቷል ብሎ ተማምኖ ሽቦ ሊጠግን የወጣ ሠራተኛ እጁ ላይ ነው የሚደርሰው። አንቺ «እኔ ብሬከሩን ሁሌ አወርዳለሁ» ትይኝ ይሆናል፣ እሺ አንቺ ታወርጃለሽ፣ ልጅሽስ ማታ ፈተና ደርሶባት ስትቸኩል? ደሞ መብራት ድንገት ሲመጣ ሁለቱ ኃይሎች ይጋጩና ኢንቨርተሩ እዛው ይቃጠላል፣ ገመዱ ከግድግዳው ቢነቀል ደሞ የተጋለጠው ጫፍ ኮረንቲ ይዞ ነው የሚወጣው፣ ሕፃን ያነሳዋል። እኔ ይሄን ገመድ ባየሁበት ቤት ሁሉ ቆርጬ ነው የምወጣው፣ ባለቤቱ ይቆጣል፣ ይቆጣ።

በሱ ፈንታ የሚገባው ቼንጅ ኦቨር የሚባለው ማብሪያ ነው። ወይ ከመስመር፣ ማለት ከፖሉ ከሚመጣው መብራት፣ ወይ ከሶላር፣ መሀል ላይ ደሞ ዜሮ፣ ሁለቱን ባንድ ጊዜ ማገናኘት በፍጹም አይችልም። ስትገዢ ፌዙንም (ኮረንቲ የሚያመጣውን ሽቦ) ኒውትራሉንም (የሚመልሰውን) የሚቆርጥ ባለ ሁለት ፖል መሆኑን ጠይቂ፣ ፌዙን ብቻ የሚቆርጥ ረከስ ያለ አለ፣ እሱን ተይው።

አሁን ወደ ቤትሽ ልግባ። የነገርሽኝ ሁለቱ ምልክቶች ከሶላሩ ጋር ይገናኛሉ ወይ ላልሽው፣ አዎ በደንብ፣ ግን ሁለቱ የተለያየ በሽታ ናቸው።

ምጣድ ሲሰካ አምፖል መደብዘዙ፦ ምጣድሽ 3,500 ዋት አካባቢ ነው፣ ለ220 ስታካፍይው 16 አምፒር ይመጣል፣ ሳያቋርጥ ለአንድ ሰዓት ለአንድ ሰዓት ተኩል ማለት ነው። ያን ያህል ኃይል ከአምፖሉ ጋር ባንድ ቀጭን መስመር ሲሄድ ሽቦው ላይ ቮልቱ ይወድቃል፣ የወደቀው ቮልት ደሞ የትም አልሄደም፣ ሙቀት ሆኖ ሽቦው ውስጥና መጋጠሚያው ላይ ቀርቷል። ጋግረሽ ስትጨርሺ ምጣዱን ነቅለሽ የሶኬቱን ፕላስቲክ በእጅሽ ጀርባ ንኪው፣ ከሞቀ ወይ ቡናማ ሆኖ የተቃጠለ ፕላስቲክ ከሸተተ ችግሩ እዛው ነው፣ ካልሞቀ ደሞ ኮርኒስ ውስጥ ሊሆን ይችላል።

ኮርኒስ ስል አንድ ያየሁትን ልንገርሽ። ደብረ ማርቆስ አንድ ቤት፣ እንዳንቺው የጭቃ ሆኖ በኋላ የተቀጠለ፣ ሶላር ሊገጥሙ ጠርተውኝ ኮርኒሱን አንዱን ጥግ አንስቼ በባትሪ አበራሁበት። አሮጌው መስመር የመዳብ ነው፣ ለተቀጠለው ክፍል ደሞ ከውጭ የተረፈ የአሉሚኒየም ሽቦ አምጥተው ሁለቱን በፒንሳ ጠምዝዘው በናስትሮ ጠቅልለውታል። ናስትሮው ቀልጦ እንደ ማር ወርዷል፣ ከስሩ ያለው የባህር ዛፍ ወራጅ የመዳፍ ያህል ቦታ ጠቁሮ ከሰል ሆኗል፣ ከጎኑ ስንዝር በማይሞላ ቦታ አይጥ ጭድና ጨርቅ ሰብስባ ጎጆ ሠርታለች። እዛ ቤት ሦስት ልጆች ተኝተው ያድሩ ነበር። መዳብና አሉሚኒየም እንደዛ አይጋቡም፣ ሲሞቁና ሲቀዘቅዙ እኩል አይለጠጡም አይሰበሰቡም፣ መሀላቸውም ይዝጋል፣ እየላላ በሄደ ቁጥር ይሞቃል በሞቀ ቁጥር ይላላል። ያንቺም ቤት የተቀጠለ ስለሆነ ኤሌክትሪሺያኑ መጀመሪያ እንዲያይልሽ የምፈልገው አሮጌውና አዲሱ የሚገናኙበትን ቦታ ነው። መጋጠሚያ ሁሉ በጁንክሽን ቦክስ ውስጥ፣ በብሎን በሚጠብቅ ማገናኛ፣ መዳብ ከመዳብ ጋር፣ በቃ።

የብሬከር ሳጥኑ ላይ እንምጣ። ብዙ ቤት ያየሁት ይሄ ነው፣ ብሬከሩ ደጋግሞ ሲጥል ሰው «ብሬከሩ ደካማ ነው» ብሎ በ32 ወይ በ40 አምፒር ይቀይረዋል፣ ፊውዝ ያለበት ቤት ደሞ ከገመድ የተመዘዘ ሽቦ ይጠቀለልበታል። ብሬከር የሚጠብቀው ዕቃውን አይደለም፣ ግድግዳው ውስጥ ያለውን ሽቦ ነው። ለአምፖል 1.5 ሽቦ (ቁጥሩ የሽቦው ውፍረት በካሬ ሚሊ ሜትር ነው) በ10 አምፒር፣ ለሶኬት 2.5 ሽቦ በ16 አምፒር፣ ለምጣድ ለብቻው ከሳጥኑ የወጣ ባለ 4 ሽቦ በ20 ወይ በ25፣ ይሄ የተለመደው አካሄድ ነው። እና ሶላር ሲመጣ ነገሩ ይብሳል፣ ይሄን ብዙ ገጣሚም አያስበውም፦ የ2,000 ዋት ኢንቨርተር የሚሰጠው 9 አምፒር አካባቢ ነው፣ ሳጥኑ ውስጥ ያለው 32 ብሬከር ያንን መቼም አያየውም፣ ስለዚ ሽቦ ቢነካካ ኢንቨርተሩ ራሱን ካላጠፋ በስተቀር የሚያቆመው የለም። ለሶላሩ መስመር የራሱ ትንሽ ብሬከር፣ ለዚህ መጠን 10 አምፒር ይበቃል፣ ከሱ ጋር ደሞ ባለ 30 ሚሊ አምፒር የሊኬጅ ብሬከር፣ አርሲዲ የሚሉት፣ ሰው ኮረንቲ ሲይዘው ወዲያው የሚቆርጠው እሱ ነው።

የፍሪጁ መንዘር፦ ግራውንድ፣ ከዕቃው አካል ወደ መሬት የሚወርደው ሽቦ፣ የለሽም። ወይ ሶኬቱ ሁለት ቀዳዳ ብቻ ነው፣ ወይ ሦስተኛው አለ ግን ከኋላው የታሰረ ሽቦ የለም፣ ለጌጥ ነው። አሁን ትንሽ ነው የሚነዝርሽ፣ ኮምፕረሰሩ ውስጥ ሽቦው ተልጦ አካሉን የነካ ቀን ትንሽ አይሆንም፣ እስከዛው ጫማ ሳታደርጊ እንዳትነኪው፣ ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው። አርሲዲውም ያለ ግራውንድ ሥራውን በደንብ አይሠራም፣ ሌላ ደሞ ብዙ ኢንቨርተር ከመስመር ተለይቶ በባትሪ ሲሠራ ኒውትራሉ ከመሬት ጋር አይገናኝም፣ ተንሳፋፊ ይሆናል፣ ያኔ አርሲዲ ቢኖርሽም ላይቆርጥ ይችላል። አንዳንዱ ኢንቨርተር ራሱ ያገናኘዋል፣ አንዳንዱ ሰው እንዲያገናኘው ይፈልጋል፣ መመሪያው ላይ ተጽፏል፣ ግንኙነቱ ግን ባንድ ቦታ ብቻ ነው መሆን ያለበት። ለኤሌክትሪሺያኑ ይሄን ጥያቄ ጠይቂው፣ ካወቀው ሰውየው ደህና ሰው ነው።

የግራውንድ ዘንጉ ከ1.5 ሜትር ያላነሰ የመዳብ ወይ መዳብ የተለበጠ ብረት ይሁን፣ ረዘም ካለ የተሻለ ነው። የት ይተከል ካልሽ የጣራ ውሃ የሚወርድበት ጥግ ጥሩ ነው፣ እርጥበቱ ይቆያል። የናንተ ቀይ አፈር አይከፋም። ለደጀንና ለቢቸና አንባቢዎቼ ግን፣ ዋልካ አፈር በክረምት ግሩም ግራውንድ ነው በበጋ ግን ተሰነጣጥቆ ዘንጉን ይለቀዋል፣ በሚያዝያ ብትለኩት ሌላ ነው የምታገኙት፣ ስለዚ ዘንጉን ወደ ታች አስረዝሙት ወይ ሁለት ተክላችሁ አያይዙት። ጨውና ከሰል ጨምሩበት የሚል ምክር አለ፣ ጨው ለጊዜው ይረዳል ግን ብረቱን ይበላዋል ዝናብም ያጥበዋል፣ እኔ አልወደውም። የፓኔሉ ፍሬምና የተሸከመው ብረትም በ6 ሽቦ እዚሁ ግራውንድ ላይ ይታሰር፣ ለፓኔሉ ለብቻው ዘንግ የሚተክሉ አሉ፣ ይተክሉ ግን ከቤቱ ዘንግ ጋር በሽቦ ይገናኝ። ሰኔና ሐምሌ መብረቁ እኛ ጋ እንዴት እንደሆነ ታውቂዋለሽ፣ ቀጥታ የወረደን መብረቅ ይሄ አያቆመውም፣ ራቅ ብሎ ሲወርድ በሽቦ ተከትሎ የሚመጣውን ግን ሰርጅ ፕሮቴክተር ይቀንሰዋል፣ ከፓኔሉ በኩል አንድ ከመስመሩ በኩል አንድ።

ምጣዱ። ብዙዎቻችሁ የምትጠይቁት እሱን ስለሆነ ቁጥሩን አብረን እንይ። ስድስት ባለ 9 ዋት አምፖል ለ5 ሰዓት 270 ዋት ሰዓት፣ ቲቪ 60 ዋት ለ4 ሰዓት 240፣ ፍሪጅ በቀን 1,000 አካባቢ፣ ስልክና ላፕቶፕ 200 በይው፣ ሲደመር 1,710። ምጣዱ አንድ ጊዜ ሲጋገር 3,500 በአንድ ሰዓት ተኩል 5,250። አየሽ፣ አንድ ጋገራ ቤቱ ሦስት ቀን የሚበላውን ይበላል። ምጣዱን በሶላር ለማስኬድ ኢንቨርተሩም ባትሪውም ብዙ እጥፍ መሆን አለበት፣ እቁብሽን እዛ ላይ አትጨርሺ፣ ምጣዱ መስመር ላይ ይቅር፣ መብራት ሲጠፋ በእንጨት ይጋገር።

ከዚህ ነው እንግዲህ ትልቁ ሥራ የሚመጣው፣ ሳጥኑን ለሁለት መክፈል። አንዱ የብሬከር ሳጥን መስመር ላይ ብቻ የሚቀር፣ ምጣድ፣ ስቶቭ፣ ካውያ፣ የውሃ ማሞቂያ። ሌላው ትንሽ አዲስ ሳጥን በቼንጅ ኦቨሩ በኩል የሚመገብ፣ አምፖሎች፣ ፍሪጅ፣ ቲቪ፣ የልጅሽ ክፍል ሶኬት። አባባሉ ቀላል ነው ሥራው ግን አሮጌ ቤት ላይ ያለፋል፣ ምክንያቱም ድሮ ሽቦ ለመቆጠብ ለአንዱ አምፖል ፌዙን ከዚህ መስመር ኒውትራሉን ከዛኛው እየተበደሩ ነበር የሚዘረጉት። ሳጥኑን ስትከፍይው የተበደረው ኒውትራል ወይ አርሲዲውን በየደቂቃው ያስጥለዋል፣ ወይ ደሞ አጥፍቻለሁ ያልሽው መስመር ኮረንቲ ይዞ ይጠብቅሻል። ስለዚ እያንዳንዱ መስመር አንድ በአንድ ተለቆ በማልቲሜትር መታየት አለበት፣ ቴስተር ካቻቢቴ ብቻ ይዞ የመጣ ሰው ይሄን ሊያይልሽ አይችልም። ግማሽ ቀን ይፈጃል፣ ይፍጅ፣ ምሳ አብይው።

ባትሪውና ኢንቨርተሩ የሚቀመጡበትን ቦታ አሁኑኑ አስቢ፣ ጭስ ቤት አይደለም፣ መኝታ ቤትም አይደለም። የአሲድ ባትሪ ሲሞላ ሃይድሮጅን ጋዝ ያወጣል አየር ይፈልጋል፣ ሊቲየሙ ጋዙ ባይኖረውም ሙቀት አይወድም። ሁለቱ ይቀራረቡ፣ የ24 ቮልት ባትሪ 2,000 ዋት ሲሰጥ ከ80 አምፒር በላይ ነው የሚያልፈው፣ ከምጣድሽ አምስት እጥፍ፣ ስለዚ ያ ገመድ ወፍራምና አጭር መሆን አለበት፣ ለዚህ ባለ 25 ወይ 35 ነው የሚባለው። ከፓኔልና ከባትሪ በኩል ያሉት ብሬከሮች ደሞ የዲሲ ይሁኑ፣ ዲሲ ማለት ባትሪና ፓኔል የሚሰጡት ባንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ ኮረንቲ ነው። የመስመሩ ኮረንቲ በሰከንድ 100 ጊዜ ዜሮን ስለሚነካ ብሬከር ሲከፈት ብልጭታው ራሱ ይጠፋል፣ የዲሲው ግን ዜሮ የለውም፣ በተራ ብሬከር ውስጥ ብልጭታው እንደ ብየዳ ቆሞ ይነዳል።

ጣራውን በአጭሩ፦ ባለ 550 ዋት ፓኔል ከ2 ሜትር በላይ ነው ክብደቱም 27 ኪሎ አካባቢ፣ ወራጁን ምስጥ በልቶት እንደሆን በካቻቢቴ ወጋ ወጋ አድርጎ የሚያይ ሰው ይውጣ፣ የዛገ ቆርቆሮም ካለ አሁን ይቀየር፣ ፓኔሉ ከተገጠመ በኋላ ከስሩ ቆርቆሮ መቀየር ስቃይ ነው። አቅጣጫው ወደ ደቡብ ትንሽ ዘመም፣ 10 እስከ 15 ዲግሪ፣ ዝናቡ አቧራውን እንዲያጥበው።

ሌላ አንድ፣ ከቆጣሪው በፊት ያለው ሽቦ ያንቺ አይደለም። እዛ ላልቶ የሚጮህ ወይ የሚበራ ነገር ካለ ለኤሌክትሪክ አገልግሎት አመልክቺ፣ የቆጣሪውን ማኅተም ማንም እንዳይበጥሰው። እና ይሄ ሁሉ ወጪ ነው አውቃለሁ፣ በገንዘብሽ ካልተዳረሰ ፓኔሉን አንድ አድርጊውና ሽቦውን አስጨርሺ፣ ሁለተኛው ፓኔል በሚቀጥለው እቁብ ይመጣል።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ ባሕር ዳር ተከራይ ነኝ፣ ግቢው ውስጥ አምስት ተከራዮች ባንድ ቆጣሪ ነው የምንጠቀመው። አከራዬን ሳላስቸግር ለኔ ክፍል ብቻ ሶላር ማስገባት እችላለሁ? ቤቱ የኔ ስላልሆነ ሽቦ መቀየር አልችልም።

መልስ፦ ትችላለህ ወንድሜ፣ ግን ከግቢው ሽቦ ጋር ምንም አታገናኘው። ባንድ ቆጣሪ የሚጠቀሙ ክፍሎች ብዙ ጊዜ ኒውትራሉን ይጋራሉ፣ ያንተን ኢንቨርተር ክፍልህ ሶኬት ላይ ብታስረው የጎረቤትህ ልጅ የነካችው ምድጃ ላይ ልታገኘው ትችላለህ። ዕቃዎችህን በቀጥታ ከኢንቨርተሩ ሶኬት በደህና ዲቫይደር ስካ፣ ለመብራት ደሞ ግድግዳው ላይ ላዩን የሚሄድ የራስህ ሁለት አምፖል ዘርጋ፣ ስትለቅ ይዘኸው ትሄዳለህ። ለፓኔሉ ግን ጣራው የአከራይህ ነው፣ ሳትነግራቸው እንዳትወጣ፣ ቆርቆሮ ተበስቶ ክረምት ሲያፈስ ነገሩ ጠብ ይሆናል፣ ስምምነቱን በወረቀት አድርጉት። ባሕር ዳር ሙቀት ስላለ ባትሪውን ቆርቆሮ ስር ሳይሆን ወለል አካባቢ ጥላ ያለበት አስቀምጠው። አከራይህ ፈቃደኛ ከሆኑ ደሞ ለየክፍሉ ብሬከር እንዲያስገቡ አወያያቸው፣ ለአምስታችሁም ነው የሚጠቅመው፣ አንዱ ምጣድ ሲሰካ ሁላችሁም ጨለማ አትሆኑም።

ጥያቄ፦ ልጄ ጽፋልኝ ነው። ደብረ ኤልያስ ገጠሩ ነን፣ መብራት አልገባልንም። ሁለት አምፖል፣ ራዲዮና ስልክ መሙያ ያለው ባለ 12 ቮልት ሶላር ልገዛ ነው። ቤታችን የሣር ነው። እኔም ማስተካከል ያለብኝ ነገር አለ?

መልስ፦ አባቴ ጤና ይስጥልኝ። የሚስተካከል አሮጌ ሽቦ ስለሌለዎ ከሁላችንም ይቀልልዎታል፣ አዲስ ሲዘረጉ ግን ሦስት ነገር። 12 ቮልት ርቀት አይወድም፣ 5 አምፒር በ1.5 ሽቦ 10 ሜትር ሲሄድ 1.2 ቮልት አካባቢ መንገድ ላይ ይቀራል፣ ከ12ቱ አንዱ ጠፋ ማለት ነው፣ ስለዚ ባትሪውን ቤቱ መሀል አድርገው ሽቦውን ያሳጥሩት፣ ለበረት አምፖል ከፈለጉ ወፍራም ሽቦ ይግዙ። ሽቦው ሣሩ ውስጥ አይሰካ፣ በምሰሶው ላይ በፕላስቲክ ቱቦ ይውረድ፣ ፓኔሉም ሣሩ ላይ ሳይሆን ውጭ እንጨት ተክለው ከብት የማይደርስበት ላይ ያቁሙት። ትንሽ ነው ተብሎ አይናቅ፣ 12 ቮልት ሰው ባይነዝርም ሁለቱ ጫፎች ሲነካኩ ሽቦውን ፍም ያደርገዋል፣ ለሣር ቤት ያ ይበቃል። ስለዚ ፊውዝ ይግዙ፣ ከባትሪው ቀይ ጫፍ ስንዝር ሳይርቅ ይግባ፣ ሲቃጠል በሽቦ አይተካ፣ ሁለት ሦስት መለዋወጫ ገዝተው ባትሪው አጠገብ ያስቀምጡ።